ከግሉኮስ እስከ ቡላ፦ ትንንሽ ሞለኪውሎች ተያይዘው ግዙፍ የሚሆኑበትን መንገድ በወረቀት፣ በመቀስና በብቅል ማሳያ

«ስታርች ከግሉኮስ፣ ፕሮቲን ከአሚኖ አሲድ፣ ዲኤንኤ ከኑክሊዮታይድ ይሠራል» የሚለውን ዐረፍተ ነገር የሥነ ሕይወት ተማሪ ሁሉ በቃሉ ይዞታል። ዐረፍተ ነገሩ ትክክል ነው፤ ነገር ግን «ይሠራል» ከሚለው ግሥ በስተጀርባ ያለውን ድርጊት አይገልጽም። ሁለት ግሉኮሶች ሲገናኙ ከእያንዳንዳቸው የሚወጣው ምንድን ነው? የወጣውስ ወዴት ይሄዳል? ይህ መመሪያ መምህራንና ልጆቻቸውን በቤት የሚያስጠኑ ወላጆች ያንን ድርጊት በእጅ እየሠሩ እንዲያሳዩ የተዘጋጀ ሲሆን፣ የሚጠይቀውም በየመንደሩ የሚገኝ ዕቃና የአንድ ከሰዓት ጊዜ ብቻ ነው።

ይህን ትምህርት ለማስረዳት ጨሌ በክር መሰካት የተለመደ ነው። እኔም ለዓመታት እንደዚያ ሳስተምር ቆይቻለሁ፤ ያቆምኩት አንዲት ተማሪ ሰሌዳው ላይ የጻፍኩትን ቆጥራ ጥያቄ ካቀረበችልኝ በኋላ ነው። አንድ ግሉኮስ 6 ካርቦን፣ 12 ሃይድሮጂንና 6 ኦክስጂን አለው፤ ሁለቱ ሲደመሩ 12 ካርቦን፣ 24 ሃይድሮጂንና 12 ኦክስጂን ይሆናሉ። ከሁለቱ የሚገኘው ማልቶስ ግን ያለው 12 ካርቦን፣ 22 ሃይድሮጂንና 11 ኦክስጂን ነው። «ሁለት ሃይድሮጂንና አንድ ኦክስጂን የት ገቡ?» አለች። ጨሌ ክር ላይ ሲሰካ ምንም አይጎድልበትምና ለዚህ ጥያቄ መልስ የለውም። መልሱን የሚያሳየው መቀስ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ለወረቀቱ ሥራ ጠንከር ያለ ወረቀት ወይም ስስ ካርቶን፣ መቀስ፣ ፕላስተር፣ ባለ ቀለም እስክሪብቶዎችና አንድ ባዶ ሲኒ ያዘጋጁ። ሲኒው የሚወጣው ውሃ የሚጠራቀምበት ስለሆነ አይርሱት። ለኋለኛው ሙከራ ደግሞ ጥቂት ቡላ፣ የተፈጨ ብቅል፣ ከመድኃኒት ቤት የሚገዛ አዮዲን፣ ነጭ ሳህን፣ ሦስት ብርጭቆዎችና ንጹሕ ማጥለያ ጨርቅ ያስፈልጋል። የቡላ ዱቄት ካልተገኘ የድንች ስታርች ወይም የበቆሎ ዱቄት ይተካዋል።

ከዚህ በታች ኦክስጂንን «ኦ»፣ ሃይድሮጂንን «ሃ» እያልኩ አሳጥራለሁ።

ደረጃ 1፦ ግሉኮሱን መቁረጥ

እያንዳንዱ ጎኑ አራት ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ባለ ስድስት ጎን ቅርጽ ይሣሉ። በላይኛው የቀኝ ጥግ ላይ «ኦ» ብለው ይጻፉ፤ ይህ የቀለበቱ አካል የሆነው ኦክስጂን ነው። ከእርሱ ቀጥሎ በሰዓት አቆጣጠር አቅጣጫ እየዞሩ ለቀሩት አምስት ጥጎች ከ1 እስከ 5 ቁጥር ይስጡ፤ ቁጥሮቹ የካርቦኖቹ መለያ ናቸው። ስድስተኛው ካርቦን ከቀለበቱ ውጭ፣ ከአምስተኛው ጥግ ወደ ላይ እንደ ትንሽ ቀንድ ብቅ ይላል። አሁን ከካርቦን 1 ወደ ታች ያዘነበለ ጆሮ አስተርፈው «ኦሃ» ይበሉበት፤ ከካርቦን 4 በኩል ደግሞ በተመሳሳይ መልኩ ወደ ታች ያዘነበለ ሌላ ጆሮ አስተርፈው «ሃኦ» ይበሉበት። በዚህ በሁለተኛው ጆሮ ላይ በ«ሃ» እና በ«ኦ» መካከል ነጠብጣብ መስመር ያስምሩ፤ መቀሱ የሚያልፈው በዚያ ነው። ለአንድ ተማሪ ቢያንስ ስድስት እንዲህ ያሉ ቁርጥራጮች ያስፈልጋሉ። ሌሎቹ ካርቦኖችም የየራሳቸው ሃይድሮጂንና ኦክስጂን አላቸው፤ ለዚህ ሥራ ግን ባይጻፉ ይሻላል፣ ዓይን ይበትናሉና።

ደረጃ 2፦ ማገናኘትና ውሃውን ማውጣት

ሁለት ግሉኮሶችን ጎን ለጎን ያስቀምጡ፤ የግራኛው ካርቦን 1 ከቀኝኛው ካርቦን 4 ጋር ፊት ለፊት ይሁን። ከግራኛው ላይ «ኦሃ» የሚለውን ጆሮ ሙሉ በሙሉ ይቁረጡ። ከቀኝኛው ላይ ግን «ሃ»ን ብቻ ይቁረጡና «ኦ»ው ባለበት ይቆይ። በእጅዎ የቀሩትን ሁለት ቁራጮች ሲያጋጥሟቸው «ሃኦሃ» ይነበባሉ፤ ይህ ውሃ ነው። ወደ ሲኒው ይጣሉት። ከዚያም የግራኛውን ካርቦን 1 ከቀኝኛው ላይ ከቀረው «ኦ» ጋር በፕላስተር ያያይዙ። የያዙት አሁን ማልቶስ ነው፤ በጠረጴዛው ላይ ያለውና በሲኒው ውስጥ ያለው ሲደመሩም አንድም አቶም አልጠፋም።

ተማሪው ይህን በክብደትም ቢያረጋግጠው መልካም ነው። የአንድ ግሉኮስ ሞለኪውላዊ ክብደት 180 ስለሆነ ሁለቱ 360 ይመዝናሉ፤ የውሃ ክብደት 18 ነው፤ 360 ሲቀነስ 18 ደግሞ 342፣ ማለትም የማልቶስ ክብደት ነው። ቀላል ቅንስ ቢመስልም፣ ተማሪው ቀመሩን ከመሸምደድ ወጥቶ ራሱ የሚፈትሸው ከዚህ ቦታ ጀምሮ ነው።

ደረጃ 3፦ ማስረዘምና ቅርንጫፍ ማውጣት

ሦስተኛውን፣ አራተኛውን፣ አምስተኛውን በተመሳሳይ መንገድ ይጨምሩ፤ በእያንዳንዱ መገጣጠሚያ አንድ ውሃ ወደ ሲኒው ይገባል። ስድስት ግሉኮሶች ሲያያዙ ሲኒው ውስጥ የሚገኘው ስድስት ሳይሆን አምስት ውሃ ነው፤ ምክንያቱም የሚቆጠሩት መገጣጠሚያዎቹ እንጂ ግሉኮሶቹ አይደሉም። ይህን ያስተዋለ ተማሪ ቀጣዩን ጥያቄ ያለ ወረቀት ይመልሳል፦ 1,000 ግሉኮሶች በአንድ ሰንሰለት ቢያያዙ 999 ውሃ ይወጣል፤ 180,000 ሲቀነስ 17,982 ደግሞ 162,018 ይሆናል።

በቡላም ሆነ በድንች ውስጥ የሚገኘው ስታርች ግን ሁለት ዓይነት ነው። አሚሎስ የተባለው አሁን የሠሩት ዓይነት ቅርንጫፍ አልባ ሰንሰለት ነው። አሚሎፔክቲን የተባለው ደግሞ ከ24 እስከ 30 በሚደርሱ ግሉኮሶች ርቀት ከካርቦን 6 ላይ አዲስ ቅርንጫፍ ያወጣል። ቅርንጫፉን ለማሳየት ካርቦን 6 በሆነችው ትንሽ ቀንድ ላይ «ሃኦ» ይጻፉና የሌላ ሰንሰለት ካርቦን 1 ይለጥፉባት፤ እዚያም አንድ ውሃ እንደሚወጣ አይዘንጉ። በጉበታችንና በጡንቻችን የሚከማቸው ግላይኮጅን በየ8 እስከ 12 ግሉኮሱ ቅርንጫፍ ስለሚያወጣ ጫፎቹ እጅግ ብዙ ናቸው። ግሉኮስ የሚነቀለው ከጫፍ ስለሆነ፣ ሰው ድንገት ሲሮጥ ከብዙ ጫፍ በአንድ ጊዜ መንቀል ይቻላል።

ደረጃ 4፦ አንዱን ገልብጦ ጥጥ ማድረግ

ይህ ደረጃ አጭር ነው፤ ይሁን እንጂ በእኔ አስተያየት ከሁሉም የሚደንቀው እርሱ ነው። አዲስ ግሉኮሶች ይቁረጡ፤ የካርቦን 1 ጆሮ ግን በዚህኛው ጊዜ ወደ ታች ሳይሆን ወደ ላይ ያዘንብል። ወደ ታች ያለው አልፋ፣ ወደ ላይ ያለው ቤታ ይባላል። አሁን ሁለቱን ለማገናኘት ሲሞክሩ ጆሮዎቹ አልገጥም ይላሉ፤ እንዲገጥሙ ሁለተኛውን ግሉኮስ መገልበጥ ግድ ይሆናል፤ ሦስተኛው እንደ መጀመሪያው ይቆማል፣ አራተኛው ይገለበጣል። የመጀመሪያው ሰንሰለት እየተጠማዘዘ የሚሄድ ሲሆን፣ ይኸኛው ቀጥ ብሎ ይዘረጋል፤ ቀጥ ያሉ ሰንሰለቶች ጎን ለጎን ተኝተው እርስ በርስ አጥብቀው ይያያዛሉ። ስሙ ሴሉሎስ ነው፤ ጥጥ ማለት ይቻላል በሙሉ እርሱ ነው።

ስለዚህ የቡላ ገንፎና የለበስነው ነጠላ የተሠሩት ከአንድ ዓይነት ስኳር ነው፤ የለያያቸው የአንድ ጆሮ አቅጣጫ ነው። ሰውነታችን አልፋውን የሚፈታ ኢንዛይም፣ ማለትም ኬሚካዊ ለውጥን የሚያፋጥን ሞለኪውል፣ ስላለው ገንፎው ይበላል። ቤታውን የሚፈታ ኢንዛይም ስለሌለን ጥጥ አይበላም፤ ላምና በግ ሣር በልተው የሚኖሩትም በጨጓራቸው የሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን ያንን ሥራ ስለሚሠሩላቸው ነው።

ደረጃ 5፦ አሚኖ አሲዶችን መደርደር

ለፕሮቲን ባለ አራት ማዕዘን ካርዶች ይቁረጡ። በግራው ጠርዝ ናይትሮጂን ከሁለት «ሃ» ጋር፣ በቀኙ ጠርዝ ካርቦን ከአንድ «ኦ» እና ከአንድ «ኦሃ» ጋር፣ በመሐል ሁለቱን የሚያገናኝ ካርቦን ይጻፉ። ከካርዱ በላይ በኩል ባለ ቀለም ባንዲራ ያውጡ፤ አሚኖ አሲዶች የሚለያዩት በዚህች ባንዲራ ብቻ ነው። ሕያዋን ሁሉ ፕሮቲናቸውን በዋነኛነት የሚሠሩባቸው አሚኖ አሲዶች 20 ናቸው፤ ለክፍል ግን አምስት ቀለም ይበቃል።

አያያዙ የተለመደው ነው፦ ከመጀመሪያው ካርድ በስተቀኝ «ኦሃ»፣ ከሁለተኛው በስተግራ አንድ «ሃ» ይቆረጣል፤ ውሃው ወደ ሲኒው ይገባል፤ ካርቦኑና ናይትሮጂኑ ይያያዛሉ። ይህ ትስስር የፔፕታይድ ትስስር ይባላል። ግላይሲን የተባለው አሚኖ አሲድ 75፣ አላኒን የተባለው 89 ይመዝናሉ፤ ሲያያዙ 164 ሳይሆን 146 ይሆናሉ።

እዚህ ላይ ረጋ ብለው ይቆዩ፤ ከግሉኮሱ ሥራ የተለየ ነገር የሚገባው በዚህ ነውና። ግሉኮስ ሁሉ አንድ ዓይነት ስለሆነ የትኛው ቀደመ፣ የትኛው ተከተለ የሚል ጥያቄ አይነሣበትም። አሚኖ አሲድ ግን እንደ ፊደል ነው፤ «ለበሰ» እና «ሰበለ» በአንድ ዓይነት ፊደላት ተጽፈው አንድ ነገር እንደማይሉ ሁሉ፣ ግላይሲን ቀድሞ አላኒን ሲከተልና አላኒን ቀድሞ ግላይሲን ሲከተል የሚገኙት ሁለት የተለያዩ ሞለኪውሎች ናቸው። ተማሪዎቹ ካርዶቹን አቀያይረው ይህን ያረጋግጡ። ከ20 አሚኖ አሲዶች ሁለት ሁለት እያደረጉ 400፣ ሦስት ሦስት እያደረጉ 8,000 ዓይነት ሰንሰለት ማግኘት ይቻላል፤ ርዝመቱ አሥር ሲደርስ ቁጥሩ ከ10 ትሪሊዮን ያልፋል። እውነተኛ ፕሮቲኖች ደግሞ ከዚህ እጅግ ይረዝማሉ፦ ትንሽ ከሚባሉት አንዱ የሆነው ኢንሱሊን እንኳ አንዱ 21፣ ሌላው 30 አሚኖ አሲድ ካላቸው ሁለት ሰንሰለቶች የተሠራ ነው። የእነዚህን 51 አሚኖ አሲዶች ቅደም ተከተል የፈታው እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ሳንገር እ.ኤ.አ. በ1958 የኖቤል ሽልማት ተቀብሎበታል።

የአንድ ካርድ መቀየር ምን ያህል እንደሚያመጣ ለማሳየት የሂሞግሎቢንን ምሳሌ ይጠቀሙ። በደም ውስጥ ኦክስጂን የሚሸከመው ፕሮቲን ሂሞግሎቢን በድምሩ 574 አሚኖ አሲዶች ባሏቸው አራት ሰንሰለቶች የተሠራ ነው። ከአራቱ መካከል ቤታ በሚባሉት በሁለቱ ላይ፣ በስድስተኛው ቦታ፣ በግሉታሚክ አሲድ ፋንታ ቫሊን ሲገባ ሂሞግሎቢኑ ኦክስጂኑን ከለቀቀ በኋላ እርስ በርሱ እየተጣበቀ ቀይ የደም ሕዋሱን እንደ ማጭድ ያጎብጠዋል፤ በሽታው በእንግሊዝኛ ሲክል ሴል እየተባለ ይታወቃል። ስድስተኛውን ካርድ በሌላ ቀለም ካርድ ይተኩና ተማሪዎቹ ሲኒውን ደግመው ይቁጠሩ፤ የወጣው ውሃ አልተለወጠም፣ የሰንሰለቱ ርዝመትም ያው ነው። የተለወጠው አንዲት ባንዲራ ናት።

ስለ ምግብም ከዚህ ደረጃ ሳይወጡ መናገር ይቻላል። ከአምስቱ ቀለሞች አንዱን፣ ለምሳሌ ቢጫውን፣ ደብቀው ቢጫ የሚጠይቅ ሰንሰለት እንዲሠሩ ይዘዙ፤ ሌላው ካርድ ምንም ቢበዛ ሥራው ቢጫው ቦታ ላይ ሲደርስ ይቆማል። የእህል ፕሮቲን ላይሲን የተባለው አሚኖ አሲድ ያንሰዋል፤ የባቄላ፣ የአተርና የሽምብራ ፕሮቲን ላይሲን የጠገበ ሆኖ ሜቲዮኒን የተባለው ሌላ አሚኖ አሲድ ያንሰዋል። እንጀራ በሽሮ ሲበላ አንዱ የጎደለውን ሌላው ያቀብላል። እናቶቻችን ይህን ማዕድ ሲያሰናዱ የኖሩት የአሚኖ አሲድ ስም ሳይሰማ ነው፤ ለዚህ ያለኝን አክብሮት ለተማሪዎቼ ሳልነግር አላልፍም።

ደረጃ 6፦ ስብና ኑክሊክ አሲድ

ስብ ሰንሰለት አይደለም፤ ስለዚህ ከሌሎቹ ጋር አንድ ላይ ማስተማር ግራ ያጋባል። ሦስት «ሃኦ» ያለው አንድ ግሊሰሮል ይሥሩና ሦስት ረጃጅም የስብ አሲድ ቁራጮች ይለጥፉበት፤ ሦስት ውሃ ይወጣል፣ ከዚያ በኋላ የሚጨመርበት ቦታ የለም። በሞራ ውስጥ የሚገኘው ስቴሪክ አሲድ 284፣ ግሊሰሮል 92 ስለሚመዝኑ ስሌቱ 92 ሲደመር 852 ሲቀነስ 54፣ ማለትም 890 ነው።

ዲኤንኤ ግን ዳግም ሰንሰለት ነው። እያንዳንዱ ኑክሊዮታይድ ስኳር፣ ፎስፌትና ቤዝ አለው፤ ሰንሰለቱን የሚያያይዙት ስኳሩና ፎስፌቱ ሲሆኑ፣ መልእክቱን የሚሸከሙት አራቱ ቤዞች ናቸው፦ አዴኒን፣ ቲሚን፣ ጉዋኒንና ሳይቶሲን። በሕዋስ ውስጥ ኑክሊዮታይዱ ለሥራው የሚመጣው ሦስት ፎስፌት ይዞ ነው፤ ሲያያዝ ሁለቱን ይለቃል። በወረቀት ይህን ማሳየት ለሚሹ ሰዎች የምመክረው ሁለቱን ተራፊ ፎስፌቶች ለሌላ ሲኒ እንዲመድቡ ነው።

ደረጃ 7፦ ወረቀቱ የማያሳየውን መናገር

ይህን ደረጃ ብዙዎች ይዘሉታል፤ መዘለል ግን የለበትም። ተማሪው ሥራውን ሲጨርስ «ታዲያ ሻይ ውስጥ የተጨመረ ስኳር ለምን ስታርች አይሆንም?» ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው ፍጹም ተገቢ ነው። ውሃ በበዛበት ቦታ ትስስሩ በራሱ ወደ መፈታት እንጂ ወደ መያያዝ አያደላም። ሕዋስ የሚያያይዘው ኃይል ከፍሎ ነው። ዕፅዋት ግሉኮሱን ከስታርች ጋር ከማያያዛቸው በፊት ኤዲፒ በሚባል ሞለኪውል ላይ ይሰቅሉታል፤ ጉበታችን ለግላይኮጅን ዩዲፒ የተባለውን ተመሳሳይ ሞለኪውል ይጠቀማል፤ አሚኖ አሲድም ፕሮቲን ወደሚገጣጠምበት የሕዋስ ክፍል፣ ወደ ራይቦሶም፣ የሚደርሰው በማጓጓዣ አርኤንኤ ላይ ተጭኖ ነው። ስለዚህ በሕዋስ ውስጥ ውሃው በቀጥታ፣ በአንድ እርምጃ እንደሚወጣ አድርገን ብንናገር ስሕተት ይሆናል፤ መነሻውንና መድረሻውን ስናነጻጽር ግን የጎደለው ያው አንድ ውሃ ነው። ለተማሪው «መቀሱ ኢንዛይሙ ነው፣ የእጅህ ጉልበት ደግሞ ሕዋሱ የሚከፍለው ኃይል ነው» ማለት ይበቃል።

እነዚህ ረጃጅም ሰንሰለቶች መኖራቸውን ኬሚስቶች ራሳቸው ለመቀበል ጊዜ እንደወሰደባቸው መንገርም ይጠቅማል። ጀርመናዊው ሄርማን ሽታውዲንገር እ.ኤ.አ. በ1920 ግዙፍ ሞለኪውሎች በጽኑ ትስስር የተያያዙ ረጅም ሰንሰለቶች ናቸው ሲል፣ ብዙ የሙያ ባልደረቦቹ የትንንሽ ሞለኪውሎች ልቅ ክምችት ናቸው ብለው ይሟገቱት ነበር። የኖቤል ሽልማቱን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1953 ነው።

ደረጃ 8፦ በቡላና በብቅል ሰንሰለቱን መፍታት

የተያያዘው ሁሉ ውሃ በመመለስ ይፈታል። ይህን በዓይን ለማየት አንድ የሻይ ማንኪያ ቡላ በጥቂት ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጠው ሁለት ብርጭቆ የፈላ ውሃ ላይ ያፍስሱ፤ እያማሰሉ ቀጭን ሙቅ እስኪመስል ድረስ ያብስሉት። በሌላ ዕቃ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ብቅል በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ ለ20 ደቂቃ ዘፍዝፈው በጨርቁ ያጥልሉ፤ ሲጠል ከላይ የጠራውን ብቻ ይውሰዱ። ብቅሉ በቅሎ የደረቀ እንጂ የተቆላ አይሁን፤ አሻሮ ለዚህ ሥራ አይሆንም፣ ሲቆላ ኢንዛይሙ ጠፍቷልና። አዮዲኑን ቀጭን ሻይ እስኪመስል በውሃ ያቅጥኑ። አዮዲን ልብስ ያቆሽሻል፤ የነካውም ነገር ሁሉ ፈጽሞ ወደ አፍ አይግባ።

ቡላው እጅ የሚሞቅ እንጂ የማያቃጥል ሲሆን በሦስቱ ብርጭቆዎች እኩል ያካፍሉት። በመጀመሪያው ላይ ውሃ ብቻ፣ በሁለተኛው ላይ የብቅሉን ውሃ፣ በሦስተኛው ላይ ለአምስት ደቂቃ ፈልቶ የበረደ የብቅል ውሃ ይጨምሩ። ከዚያ በየሁለት ደቂቃው ከእያንዳንዱ አንድ ጠብታ ነጩ ሳህን ላይ አድርገው አንድ ጠብታ አዮዲን ያክሉበት። ጠብታው ትኩስ ከሆነ ስታርች ቢኖርም ቀለሙ አይወጣም፤ እስኪበርድ ይጠብቁት።

የመጀመሪያው ብርጭቆ ጠብታ ጥቁር ሰማያዊ ይሆናል፤ የስታርቹ ጥምዝ ሰንሰለት አዮዲኑን በውስጡ ስለሚይዘው ነው። ሁለተኛው ሲጀመር ያንኑ ይመስላል፤ ሰንሰለቱ እያጠረ ሲሄድ ወይን ጠጅ፣ ቀጥሎ ቀላ ያለ ቡናማ፣ በመጨረሻም የአዮዲኑ የራሱ ቀለም ብቻ ይቀራል። ሙቁም ብርጭቆው ውስጥ ሲቀጥን ይታያል። ፈረንሳውያኑ አንሰልም ፓየንና ዣን ፍራንሷ ፔርሶ እ.ኤ.አ. በ1833 ከብቅል ለይተው ያወጡት፣ ዛሬ አሚሌዝ የምንለው ኢንዛይም ሥራ ይህ ነው፤ በጠላ ጥንስስም ብቅሉ የሚገባው ለዚሁ ነው። ተማሪዎቹ የወረቀት ሰንሰለታቸውን አምጥተው ከሲኒው አንድ አንድ ውሃ እያወጡ፣ «ኦሃ»ውን ለካርቦን 1፣ «ሃ»ውን ለካርቦን 4 እየመለሱ ይፍቱት።

ሦስተኛው ብርጭቆ እንደ መጀመሪያው ጥቁር ሰማያዊ ሆኖ ይቆያል። ኢንዛይሙ ራሱ ፕሮቲን፣ ማለትም የታጠፈ የካርዶች ሰንሰለት ነው። ይህን ለማሳየት ከደረጃ 5 የቀረውን ሰንሰለት አጣጥፈው በእጅዎ ይጨብጡት፤ ከዚያ ይልቀቁትና ይዘርጉት። ማፍላቱ ያደረገው ይህንኑ ነው፤ እጥፋቱን ፈታው እንጂ አንድም ፕላስተር አልላጠም፣ ከሲኒውም አንድም ውሃ አልወሰደም።